የለቀማ ወር ቀጠሮ፦ የሲስተር የዓለምዘርፍ ኃይለጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ (1962–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር የዓለምዘርፍ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ ተድላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማናልሞሽ በሪሁን ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ቴፒ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከወሎ መጥተው በቡና እርሻ ዘበኛ ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፣ እናታቸው ቡና ለቃሚ ነበሩ። ለቀማ ሲደርስ ትምህርት ቤት ባዶ እንደሚቀር፣ ሠርግ እንኳ እንደሚዘገይ እኅታችን ከማንም በላይ የሚያውቁ ነበሩ። ይህን አስቀድመን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ትምህርታቸውን በቴፒና በጅማ ተከታትለው በ1984 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁና ቱም ከተማ ተመደቡ። እዚያ ለታመመ ጥርስ ያለው መድኃኒት መንቀል ብቻ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ መንጋጋ ሲነቅሉ ወላጅ «ምን ችግር አለው፣ የወተት ጥርስ ነው፣ ይተካል» ሲላቸው ደማቸው ይፈላ ነበር። በስድስት ዓመት የሚበቅል ቋሚ መንጋጋ ነውና ያ ጥርስ አይተካማ! በዚሁ ንዴት ተነሥተው የጥርስ ሕክምና ተማሩና በ1995 ዓ.ም. ሚዛን ተፈሪ በጥርስ ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ። የተበላሸውን ነርቭ አውጥተው፣ ሥሩን አጽድተው ደፍነው፣ በላዩ የብረት ቆብ እያለበሱ የስንቱን ልጅ መንጋጋ አተረፉ። ከመምህር እንድርያስ ጋር በ1987 ዓ.ም. ተጋብተው ራሔልንና ቴዲን ወልደዋል። ቁጡ ነበሩ፤ ከረሜላ የያዘ ልጅ መንገድ ላይ ካገኙ፣ የወንድማቸውም ልጅ ቢሆን፣ አይምሩም ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአቶ አባቢያና የወ/ሮ አስያ ልጅ አፍናን፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን፣ መንጋጋዋን ታማ መጣች። ነርቩን አከሙላት። በልኳ የሚሆን ቆብ ግን አልቆ ስለነበር፣ በጊዜያዊ መድፈኛ ዘግተው ለኅዳር 12 ቀጠሯት። ኅዳር! የለቃሚ ልጅ ሆነው ሳለ በለቀማ መካከል ቀጠሩ። ሕመሙ ስለተዋት ቤተሰቡ ቀጠሮውን ትቶ ቴፒ ለቀማ ሄደ። መድፈኛው ወለቀ፣ ጥርሱ ተሰነጠቀ፣ መግል ከአገጯ ሥር ይዞ እብጠቱ ጉሮሮዋን ዘጋው። ታኅሣሥ 3 ቀን ወደ ሚዛን ሲያመጧት መንገድ ላይ አረፈች። ቆቡ በቀጠሮው ቀን ደርሶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ወ/ሮ አስያ በለቅሶው ላይ አቅፈዋቸው፣ የአላህ ፈቃድ ነው፣ አንቺ የለሽበትም አሏቸው። እኅታችን ግን አለሁበት እንዳሉ ኖሩ። ይርሱት እያልን ስንወተውታቸው የነበርን ሁሉ ተሳስተን ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በለቀማ ወራት ለማንም ልጅ ቀጠሮ አልሰጡም። ቆቦቹን በቦርሳ ይዘው፣ በሚኒባስና በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅም በእግራቸው፣ ልጆቹ ወዳሉበት የቡና ማሳ ይሄዱ ነበር። እዚያው አፍ ያስከፍታሉ፣ ቆቡን ያለብሳሉ፣ አስነክሰው ያያሉ። ወ/ሮ አስያም እየቀደሙ እናቶችን ይሰበስቡላቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ቢታከሙም አልተሻላቸውም። ዘንድሮ ወደ ለቀማው መውጣት ተሳናቸው፤ ከበሽታው ይልቅ ያንገበገባቸው ይኸው ነበር። ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ከፈለኝ በሐዘን ቀርተናል። የስንቱን ሕፃን ሕመም ሲያሳርፉ የኖሩትን እኅታችንን እግዚአብሔር እርሳቸውንም ያሳርፍልን።

ነገር ግን ማንም እንዳይነሣ፤ ያዘዙት አንድ ነገር አለ። ከማረፋቸው ከሦስት ቀን በፊት የቀጠሮ ደብተራቸውን ለዚሁ ወንድማቸው ሰጡ። የጥርሳቸው ነርቭ ታክሞ ገና ቆብ ያልለበሰላቸው የሦስት ልጆች ስም ተጽፎበታል። ለቀብሬ ሰው ከየማሳው መምጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ይነበብ ብለዋል። ስለዚህ እናነባለን፦ ሱሀይብ ሻሚል ከሚዛን፣ ምሕረት ጌታሁን ከቱም፣ ሲላስ ዘርይሁን ከቴፒ። ወላጆቻቸው እዚህ ካላችሁ፣ ሕመሙ ትቷቸዋል ብላችሁ ወደ ማሳ እንዳትመለሱ። እርሳቸው ያስተማሯት ሐፍሳ ከቀብር መልስ ክሊኒኩን ከፍታ ትጠብቃችኋለች።

ከሦስቱ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሰረዘ ስም አለ። እርሱም አብሮ እንዲነበብ አዘዋል። አፍናን አባቢያ።