የሎንዶን ቅስት በሻትሌን

ሰኞ፣ ግንቦት 2 ቀን 74። ቪዲኮን፣ ክፍሌ ውስጥ፣ ጠዋት
ዛሬም የጉልላት ስዕሌ ላይ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ ልቤ ሎንዶን ቀረ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ከሮም ጋር የተጣሉት እንግሊዞች፣ ከተማቸውን እሳት ከበላው በኋላ፣ ባሮክ የሚባለውን የሮምን የሕንፃ አሠራር ለቤተ ክርስቲያናቸው እንዴት ወሰዱት? የመመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነው። የሚጠማዘዝ ግድግዳ፣ ከላይ የሚፈስ ብርሃን፣ ሁሉም ሰባኪውን የሚያይበት አንድ ሰፊ አዳራሽ። ስዕሉ ላይ ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ። ሻዬ ቀዝቅዟል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4። ባቡር ውስጥ፣ ወደ ጄኔቫ
ከደርግ የሸሸን ወገኖች ለቅዳሴ የተከራየነው አዳራሽ እዚያው ጄኔቫ፣ ሻትሌን ሰፈር ነው። የመቅደሱን መከለያ እኔ ነደፍኩ፤ አናጢው አቶ ሙሉጌታ ሠሩት። መካከሉ ትልቅ ክፍት ቅስት፣ ከሎንዶን የሰረቅኩት። አባ ገ/ማርያም ከኢየሩሳሌም ታቦት ይዘው መጥተዋል፤ ሰኞ ይመለሳሉ። እሑድ የጓደኛዬ የአልማዝ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና እናቷ እኔ! እሑድ ካለፈ ሌላ ቄስ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።
ሐይቁ ብቅ አለ። ውሃው ላይ ጉልላት ይታየኛል። ደስ ብሎኛል፣ በቃ።

ዓርብ፣ ግንቦት 6። ሻትሌን
ጉድ ፈላ። አባ ቅስቱን አዩ። ወጥተው ጫማቸውን አደረጉ። ውብ ነው አሉኝ፤ ታቦት ግን እንዲህ ዓይን ፊት አይቆምም። የእንግሊዞቹን ነገር አስረዳሁ፣ ሕዝቡ ሁሉ ያያል ብዬ። ታግሠው ሰሙኝ።
«ልጄ፣ ሁሉ ካየውማ መቅደስነቱ ምኑ ላይ ነው?»
ካልተዘጋ አልቀድስም አሉ። የመቅደስ መጋረጃ እየሳምኩ ያደግኩ ሰው፣ መጋረጃ መርሳቴ! አቶ ሙሉጌታ በሳንቃ እንድፈነው ይላሉ። ቅስቴን! አልማዝ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። አፈርኩ፣ ግን እሺ አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7። ከሰዓት
አኩርፌ ወንዝ ዳር ዋልኩ። ውሃው አረንጓዴ፣ ሐሳቤም አብሮት ይሄዳል። እንግሊዞቹ ምን አደረጉ? የሮምን ጉልላት ወስደው ለራሳቸው ጸሎት እንዲመች ቆረጡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፌው አልገባኝም ነበር። አይ እኔ!
ተመልሼ፣ የኛም ቅስት ለኛ ቅዳሴ እንዲመች ይዘጋ አልኩ። እንድፈነው ያሉት አቶ ሙሉጌታ ራሳቸው ከኔ ብሰው አዘኑ፤ ሦስት ሳምንት የለፉበት ነው። ጠባብ በር ነደፍኩላቸው፣ ከፊቱ መጋረጃ። አባ እሺ ብለዋል። አልማዝ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም።
ሳንቃው ቆሟል። የመጀመሪያውን ምስማር እኔው እመታለሁ ብያለሁ። አቶ ሙሉጌታ መዶሻውን ይዘው እየጠሩኝ ነው፣ ልሂድ።