«አትሰማም» ስልሽ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ለኩርፊያዋ ወደር ለሌላት የእህቴ ልጅ፣ ለቁንጫዬ፤

እንዴት ከረምሽ? እኔ አለሁ፤ ወገቤና ዓይኔ ግን ከእኔ ጋር መስማማት ካቆሙ ሰንብተዋል። አጎትሽ በስተርጅና አርታኢ ሆኖ፣ ከቤት ሳይወጣ ደከመው ብትዪ ማን ያምንሻል? የትምህርት መጻሕፍት የምታሳትመው ትንሿ ድርጅታችን የአራተኛ ክፍሉን የቋንቋ መጽሐፍ እንደገና እንዳርም መልሳልኛለች። አለቃዬን የማውቀው በኮምፒውተር መስኮት ብቻ ነው፤ ከአንገቱ በታች ሰውነት እንዳለው እንኳ ማረጋገጫ የለኝም።

ባለፈው ስብሰባ ላይ እናትሽ ከኋላዬ መጥታ፣ በጆሮዬ ሹክ ያለች መስሏት፣ «ይሄ ራሰ በራ ደግሞ ማነው?» ብላ ጮኸች። አለቃዬ ራሱን ዳበሰ። «ይቅርታ፣ እህቴ ናት፤ ጆሮዋ ደክሟል» ስል፣ እሷ ደግሞ፣ «ምን አልክ?»

አዎ ቁንጫዬ፣ ጆሮዋ ደክሟል። የነገርኩሽ መስሎኝ ነበር።

ትናንት መጽሐፉ ውስጥ «እሷ አትሰማም» የሚል መልመጃ አጋጠመኝ። ከጎኑ በቀይ፣ «ጆሮዋ ነው ወይስ እልኸኛ ናት? ለልጆቹ ግልጽ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ሳበቃ ለአንቺ የላክሁት መልእክት ትዝ አለኝ። አንቺ፣ «ስልኬን የማታነሳው እምቢ ብያት ስለሄድኩ ነው? እስካሁን አልበረደላትም?» ስትዪኝ፣ ሥራ አጣድፎኝ የላክሁልሽ ሁለት ቃል ነበር፦ «እናትሽ አትሰማም።» ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። የሰው ዓረፍተ ነገር ሳቃና የምውለው ሰውዬ፣ ጉድ አይደለሁም?

ያኔም ቢሆን ስምሽን ስልኩ ላይ ታየው ነበር። ግን አንስታ ድምፅሽን ካልለየች ምን ትበልሽ? «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያለች ልታስጨንቅሽ አልፈለገችም። ዛሬም ስልኩን ከጉያዋ አትለየውም፤ ሲንቀጠቀጥ ፈጥና ታወጣዋለች። ጠዋት አውጥታ አየችና፣ «ማስታወቂያ ነው» ብላ መለሰችው።

ስለዚህ አትደውዪ፤ ጻፊላት። ፊደሉን አጉልቼ እሰጣታለሁ፣ ራሷ ታንብበው። የፊደል ግድፈትሽ እንደሁ የታወቀ ነው። ግድ የለም፤ ይህን አንዱን አላርመውም።

ከሥራ ስትመለሺ ለሳቅ የሚተርፍ ጉልበት አይንሳሽ፤ በሄድሽበት ሰው ይውደድሽ። መጨረሻው ላይ ቦታ ከተረፈ፣ ለእኔም አንድ ስድብ ጣል አድርጊበት።

ቃል ለቃሚው አጎትሽ