የተቀበረው የድንጋይ ከሰል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ያ ክረምት የማይወድ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኔ እዚህ ባሕር ዳር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ማስተማሩን ለጊዜው አቁሜ ቤት እውላለሁ። ባለቤቴ ሣህሉም እጅ ነሥቷል።

አባየ፣ ከተኳረፍን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ከጭልጋ ያመጣሁትን የድንጋይ ከሰል እንዲያዩልኝ ብዬ ነበር ወደ ገዳምዎ የመጣሁ። ሴት ደሴታችሁን አትረግጥምና ከጀልባው ሳልወርድ ሰጠሁዎት። የታተመበትን ቅጠል በጣትዎ እየዳበሱ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ዛፍ ነበረ፣ በሕይወት የነበረ ነው አልሁዎት። በሳምንቱ ልወስደው ስመለስ፣ በሕይወት የነበረማ እንዲሁ አይጣልም ብለው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ቀብረውት ቆዩኝ! የተቀበረ አይወጣም አሉ። ለጥናቴ የያዝሁት እሱን ብቻ ነበር። በንዴት፣ ባለ ጀልባው ገድሉ እየሰማ፣ እናቴ ስትቀበር ከደሴቱ ያልወጡ ሰው ለድንጋይ ፍትሐት ያደርሳሉ ወይ አልሁዎት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ወዲህ አፍሬ ቀረሁ።

ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ሜዳ ላይ የወደቀ ዛፍ ምስጥ ይበላዋል፣ በስብሶ ያልቃል። ረግረግ ውስጥ የወደቀውን ግን ጭቃ ቶሎ ያለብሰዋል፤ አየር ስለማያገኘው በስብሶ አያልቅም። ደለል እየተከመረ ይጫነዋል፣ የምድር ሙቀት ያበስለዋል፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ከሰል ይሆናል። የገድሉ ጀልባ የሚጠጣው ቤንዚንም በጥንት ባሕር ከኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የመጣ ነው። ሚሊዮኑን እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። ክርክርዎ ራሱ ናፈቀኝ።

ያ ከሰል መጀመሪያውኑ ባይቀበር ኖሮ እኔ ዘንድ አይደርስም ነበር። እርስዎ ወደ ነበረበት መለሱት እንጂ ምን አጠፉ? ደግሞ እናቴ በተቀበረች ዕለት ፊትዎን ወደዚህ አዙረው፣ ሳይቀምሱ፣ እስኪመሽ ውኃው ዳር እንደ ቆሙ ገድሉ ሰሞኑን ነገረኝ። ይህን ሳላውቅ ነው የተናገርሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ በጣም ናፍቀውኛል።

የፊታችን እሑድ ቤታችን የክርስትና ድግስ አለ። በሰማንያ ቀን አይደለም፤ በአርባ ነው። የክርስትናውን ስም እርስዎ መርጠው በገድሉ ይላኩልኝ። በማግስቱ ወደ እናንተ እንመጣለን። እኔ ጀልባው ላይ እቀራለሁ። እሱ ግን በሣህሉ እቅፍ ሆኖ እርስዎ ዘንድ ይወጣል።

ቡራኬዎ ከሦስታችንም አይለይ።

ልጅዎ