የፒሎንን ሬሳ ከለከሉን

ለምወድህ ወንድሜ ለኦዲሎን፤

ባለህበት በዚያ በረዶ አገር ጤናና ሰላም አይለይህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደህና ነኝ እያልክ ትሸነግለናለህ? ባለቤትህ ኦቱሊያስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ስፓኒሽ እየረሱ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? እኛ ቆመን እየሄድን ነው። ይህን ደህንነት ካልከው ደህና ነን። እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር፤ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ እናታችን ሁልጊዜ አጠገቤ ናት።

እናታችን ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሿም ያጥራታል። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለን። እሷ ግን ምንም አልደነገጠች። የምትለብሰውን አሳጥባ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች፣ ከአባታችን መቃብር ጎን ያለውን ቦታ አሳረመች፤ ከዚያ ወደ ቡኒው ውሻዋ ወደ ፒሎን ዞረች። አንተ የላክህለትን፣ ስሙና ስልካችን የተቀረጸበትን የቆዳ ማሰሪያ ፈታችና በእጇ የፈተለችውን ጥጥ ላላ አድርጋ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ምነው እማ፣ ሁለቱም ይሁንለት ብላት ተቆጣችኝ። ቆዳ ውሃ ሲነካው ያንቀዋል፤ ደግሞስ የሞተ ሰው እጅ ዘለበት ይይዛል እንዴ? እኔ የምይዘው ጥጡን ነው፤ ቀኔ ደርሷልና ከአሁኑ ይልመደው አለችኝ።

መቼም እናታችን የምትነግረንን የወንዙን ነገር አትረሳውም። ሰው ሲሞት ያ ሰፊ ወንዝ ይጠብቀዋል። ነጩ ውሻ አሁን ታጥቤ እንዴት ልግባ ይላል፣ ጥቁሩ ቆሽሻለሁ ብሎ ያመካኛል፣ በጀርባው የሚያሻግረው ቡኒው ነው፤ እሱም ላበላው ሰው ብቻ። ልጆች ሳለን ስንስቅባት በማማሰያ ታባርረን አልነበር? ዘንድሮ ግን አልሳቅኩም። ፒሎንን ከአልጋዋ ሥር አስተኝታ የቶርቲያ ቂጣዋን ለሁለት ስትቆርስ ፊቷ ላይ ሰላም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰላም ከየት ይመጣል ብዬ ተገረምኩ።

የቅዱስ ፍራንሲስኮ በዓል ሊደርስ ሲል ማዘጋጃ ቤቱ ከተማ አጸዳለሁ ብሎ ተነሣ። ግንቡን ቀቡ፣ ባለቀለም ወረቀት ሰቀሉ፣ ከዚያ የውሻ አፈሳ ወጡ። እስቲ አስበው፣ ለእንስሳት ወዳጅ ለሆነው ቅዱስ ክብር ብሎ ውሻ ማፈስ! ፒሎን እንደ ልማዱ ሥጋ ሻጩ ማካሪዮ ደጅ ተኝቶ አጥንት ሲጠብቅ በሽቦ አንቀው መኪና ላይ ጣሉት። ማካሪዮ ኧረ የዶኛ ክሬሴንሲያ ውሻ ነው ብሎ የእናታችንን ስም ጠርቶ ጮኸ። ታዲያ ማሰሪያው የታለ አሉት። ጥጡን ቢያሳያቸው ሳቁበት። ማሰሪያ ያለው ውሻ ባለቤቱ እስኪጠራ ይቆያል፤ ክር ያለው ግን ለእነሱ የጎዳና ውሻ ነው። ማካሪዮ ሱቁን ዘግቶ ሲነግረኝ መሽቶ ነበር። ጠዋት ከባሌ ከፊደንሲዮ ጋር ስንደርስ፣ ማቆያው ጢም ብሎ ሞልቷልና ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ገና በማለዳ መርፌ ወግተው ገድለውታል።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ማን መሰለህ? ሬይናልዶ፣ ያ ከእኔ ጋር የተማረው፣ አፍንጫውን ሲጎረጉር የሚውለው። አሁን ክራባት አስሯል። ዴልፊና፣ ውሻሽን እኮ አስተኝተነዋል አለኝ ድምፁን አለስልሶ። እንግዲያው ቀስቅሱልኝና ልውሰደው አልኩት። አቀረቀረ። እሺ ሬሳውን ስጠኝ፣ ከእናቴ መቃብር ቦታ ጎን ልቅበረው አልኩት። አይቻልም፤ የወጋነው መድኃኒት ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ አሞራ ቢበላው አሞራው ይሞታል፣ ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነው አለኝ። ፊደንሲዮ በጥልቅ ጉድጓድ እንቀብረዋለን፣ ድንጋይ እንጭንበታለን ብሎ ለመነው። ደንብ ነው አለ። በቁሙ ሳለ ባለቤት የለውም ብላችሁ ወሰዳችሁት፤ ሲሞት ጊዜ ባለቤት ተገኘለት? አልኩት። ማሰሪያውን ከቤት ይዤ ሄጄ ነበርና ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። አንሥቶ ስሙን አነበበና፣ ይሄ እኮ አንገቱ ላይ ነበር መሆን ያለበት አለኝ። አየህ ወንድሜ፣ ከሁሉም ያንገበገበኝ ይህ ነው። ያ ደደብ እውነቱን ነው!

እዚያ የምታጸዳው ኢላሪያ በጓሮ በር ጠቀሰችን። ማቃጠያ ምድጃው ከተበላሸ ቆይቷል፤ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንከምራቸዋለን፣ ሲሞላ የቆሻሻ መኪና ይወስዳቸዋል፤ አሁን መውጣቱ ነው፣ ሩጡ አለችን። ሮጥን። ሸለቆው አፋፍ ያለውን ቆሻሻ መጣያ ታውቀዋለህ። ስንደርስ መኪናው ገልብጦ ሄዷል። የሰው ቤት ፍርፋሪ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የበዓሉ የተረፈ ወረቀት፣ ከዚያ መሃል እነሱ። ፌስታሉ አብዛኛው ተቀዷል፣ ላዩ ላይ ኖራ ነስንሰውበታል። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ በእጄ ገለጥኩ። ኦዲሎን፣ ሁሉም ነጭ ሆነዋል። ቡኒውን ከጥቁሩ የሚለይ ነገር የለም። አንገት አንገታቸውን እየዳበስኩ ጥጥ ፈለግሁ፤ የነካሁት ሁሉ ኖራ ነው። ኖራው እጄን አቃጥሎኝ እስካሁን ቆዳው ይላጣል።

ዘበኛው ቡኒ ከሆነ የምትፈልጉት ከታች ሞልቷል፣ አንዱን አንሡና ዶዘሩ ሳይመጣ ውጡልኝ አለን። ፊደንሲዮም በጆሮዬ፣ እውነቱን ነው፣ አንዱን አጥበን እንውሰድ፣ ዓይኗ እንደሆነ ደክሟል፣ አታውቀውም አለኝ። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለአፍታ ልቤ ከድቶኝ ነበር። ግን እናቴን በሰው ውሻ አታልዬ ወንዝ ዳር ላዋርዳት? አይሆንም አልኩ። ዶዘሩ መጥቶ አፈሩን ገፋበት። እኔም እዚያው ቆሜ ተሳደብኩ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም እስከ አያት ቅድመ አያቱ ሰደብኩ። ምን ይረባል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በበዓሉ ዕለት አባ የሰውን ዶሮ፣ አህያና በቀቀን ሁሉ በተርታ ጠበል ረጩ። አንድ ውሻ አልነበረም። መንገዱ ግን ጸድቶ ነበር፣ ይመቻቸው።

ለእናታችን እውነቱን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጥጡ አንገቱ ላይ ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ አላገኘሁትም አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሰላሟ ጠፋ። ሞት ይምጣ ስትል የነበረችው ሴት አሁን ሞትን ትፈራለች። ትንፋሽ ሲያጥራት እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ ዴልፊና እንዳትለቂኝ፣ የሚያሻግረኝ የለም ትለኛለች። እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች። አባ መጥተው ክርስቶስ ያሻግርሻል ቢሏት፣ እሱ ስንቱን ይሸከም አባቴ፣ እኔ እኮ የራሴ ነበረኝ አለቻቸው። ከማካሪዮ ቤት ቡኒ ቡችላ አመጣሁላት። ልሶ ልሶ ሲጨርሳት በእጇ ገፋ አደረገችው። ይህን ምን አብልቼዋለሁ? ስለ የትኛው ቶርቲያ ብሎ ይሸከመኛል? ለማሳደግ ደግሞ ዕድሜ የለኝ አለችኝ። አንተ ለዚህ መልስ ካለህ ጻፍልኝ፤ ለእሷ አነብላታለሁ።

ፊደንሲዮ እጅ ይነሣሃል። ልጆቼ ጉንጭህን ይስሙሃል፤ ትልቋ ኤስፔራታ ቁመቷ በልጦኛል። ማካሪዮ በብዙ ሰላም ይልሃል፤ ሽቦውን ቀምቼ ባስለቀቅኩት ኖሮ እያለ ይጸጸታል፤ ምንም ማለት አያስፈልግህም ብየዋለሁ። ኦቱሊያንና ልጆቹን በእኔ ስም አቅፈህ ሳምልኝ።

እናታችን ምን ልጻፍለት ብላት እንዲህ በይው አለችኝ፤ በዚያም አገር ውሻ አይጠፋም፣ ቡኒ ፈልግና ዛሬውኑ ማብላት ጀምር፣ እንደ እኔ ወንዝ ዳር ቆመህ እንዳትቀር።

እህትህ ዴልፊና
ሳን ፍራንሲስኮ ላ ሎማ፣ ፑዌብላ
ኦክቶበር 19 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.