የዲዮቅልጥያኖስ ልጅ

ጥቅምት 4
ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነ። ጠዋት የማንጎዎቹን ሥር ስኮተኩት አንድ የድሮ ተማሪዬ አጥሩ ላይ ቆሞ፣ “መምህር ጁምዓ፣ እንደ ጎመኑ ቄሣር ሆኑ አይደል?” አለኝ። ደስ አለኝ፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ?

ዲዮቅልጥያኖስን ስንት ዓመት አስተማርኩት! ከተራ ወታደርነት ተነስቶ ሮምን ሃያ ዓመት ገዛ። ክርስቲያኖቹን ፈጀ፣ ሥልጣኑን ለአራት ከፋፈለ፣ ከዚያ በፈቃዱ ወርዶ ጎመን ተከለ። ተመለስ ሲሉት፣ ጎመኔን ብታዩት እንዲህ ባላላችሁኝ አለ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

እኔም የመምህራን ምደባና ዝውውር ኃላፊነቴን ጊዜዬ ሳይደርስ ለባቢከር ለቅቄ ወጣሁ። ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሲሸኙኝ ጀለቢያ አለበሱኝ። ያለቀሱም ነበሩ።

ጥቅምት 19
ልጄ ኢቲዳል ከጠረፍ፣ ከኩርሙክ ደወለች። እዚያ ሒሳብ ታስተምራለች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም አይታለች... ሐኪሙ እዚህ አሶሳ ተቀምጣ ትከታተል፣ በዚያ መንገድ አትመላለስ ብሏል። የሕመም ፈቃዷን ጨርሳለች። “ዝውውር ጠይቅልኝ፣ አባ” አለች። ምንም ነገር ለምናኝ አታውቅም።

ምደባው በዕጣ ነበር። ኩርሙክ ሲወጣባት አዳራሹ አጨበጨበ። ለሷ አይደለም፤ ለኔ። የኃላፊው ልጅ እንኳ አልተለየችም ብለው። እኔም ቆሜ እጅ ነሳሁ... ሞኝ።

ጥቅምት 22
ባቢከር ቢሮ ሄድኩ። “ስብሰባ ላይ ናቸው” አለች ጸሐፊዋ። ሳቁ በበሩ ይሰማል። እስከ ምሳ ሰዓት አግዳሚው ላይ ቁጭ። ስንቱን እዚህ አስቀምጫለሁ?

ጥቅምት 25
ዛሬ አስገባኝ። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ መመሪያውን አወጣ። ሁለት ዓመት ያልሞላው መምህር በምንም ምክንያት አይዛወርም ይላል። ከሥሩ የኔ ፊርማ።

“ሰው አይታችሁ አትሥሩ ያሉን እርስዎ ነዎት፣ ኡስታዝ።”

እያላገጠብኝ ይሆን? ፊቱን አየሁት። አያላግጥም። ከልቡ ነው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ለመንኩት። አዎ፣ እኔ ጁምዓ ለመንኩ።

ጥቅምት 26
ለተማሪዎቼ ያልነገርኳቸው... ቄሣሩ ቫሌሪያ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ባሏ ሲሞት ከገዥዎቹ አንዱ ላግባሽ አላት፤ እምቢ ስትል ንብረቷን ነጥቆ አጋዛት። አባትየው ልጄን መልሱልኝ እያለ ከጎመኑ መሃል መልእክት ላከ። ደጋግሞ ላከ። እሱ በሠራው ሥርዓት የተሾመው ሰው ጆሮ ነፈገው። ሽማግሌው በሐዘን ሞተ፤ እሷን በኋላ አንገቷን ቀሏት።

አላውቅም ነበር ልበል? መጽሐፉ ላይ አለ። እየዘለልኩት ነበር። ታሪኩን ያበላሽብኝ ነበርና።

ኅዳር 3
ምጡ ያለ ጊዜው መጣ። ወደ አሶሳ ሲያመጧት መንገድ ላይ ወለደች። ልጁ አልተረፈም።

ኅዳር 9
ለማጽናናት ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬ አንዲት ሴት መጥታ የኢቲዳልን እጅ ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ሳሚያ እባላለሁ አለች። አላወቅኋትም።

“ሸርቆሌ አስተምር ነበር፣ ኡስታዝ። እንደሷ ሆኜ ማመልከቻ አስገብቼ፣ አይቻልም ብለው የጻፉበት እርስዎ ነዎት። የኔዋ ሴት ነበረች።”

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኢቲዳል ቀና ብላ አየችኝ። “እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“እንደሷ ያለ ስንት ሰው መልሰሃል?”

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ኅዳር 16
ኢቲዳል ዛሬ ትንሽ ምግብ ቀመሰች። ውሃ ሳቀብላት ብርጭቆውን ተቀብላኝ፣ “አመሰግናለሁ፣ መምህር” አለችኝ።