ወርቄ፣ ኩሽናሽን በቁጥር ለካሁት

ለባለቤቴ ለወርቅነሽ፣ ለኔዋ ወርቄ፤

እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልሱን የሚያመጣልኝ ፖስተኛ የለም። ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ይህን የሚጽፈው ማነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ እኔው ነኝ፣ ታደሰ አናጢው። ለምኜም ከፍዬም አላስጻፍኩም። የማታ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጡት የሰባ ዓመት እናት ናቸው። መነጽሬ ባይሰበር እበልጠው ነበር እያሉ ሚዛን ከተማን ያዳርሳሉ፤ አትስሚያቸው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው በኩሽናው በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። የኮረሪማ ተክልሽ ጓሮውን ሊውጠው ደርሷል። ዶሮዎቹን ሸጥኳቸው፤ እኔ ስጠራቸው ይሸሻሉ፣ ያንቺን ድምፅ ነው የለመዱት። ጎረቤቶች ደህና ናቸው። ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ አንድ ቀልድ ስጥልላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ይሄዳሉ።

ብዕር ያስጨበጠኝ የልጃችን የትዕግሥት ነገር ነው። ያን ቴፒ ላይ የነበራትን ቦታ አጥራ፣ በአስተማሪነት ደመወዟ ቤት ልትሠራበት ተነሥታ ነበር። በአርባሽ ማግስት ዕቃ እያጠብን የኩሽናሽን ዕቃ እኔ እሠራልሻለሁ ብላት፣ ቀና እንኳ ሳትል «አባዬ፣ አንተ በክንድህ ለክተህ የሠራኸው ነገር ቤቴ አይገባም» አለችኝ። ሳቅሁ። የኔ ክንድ እኮ መንግሥት ማኅተም የረሳበት ሜትር ነው አልኳት። ይህችን ቀልድ ታውቂያታለሽ፤ ሃያ አምስት ዓመት ሰምተሻታል። ልጅሽ አልሳቀችም። «በወረቀት ላይ፣ በቁጥር ሠርተህ አሳየኝ። ካልሆነ ቴፒ አናጢ ሞልቷል» ብላ ጨርቋን ጨምቃ ወጣች።

ለሌላ ሰው የማልናገረውን ላንቺ ልናገር፤ ደግሞም ታውቂው ነበር። ከወገቤ የማይለየው ቢጫ ሜትር ለጌጥ ነበር። ቁጥሩን ማንበብ አልችልም ነበር። ደንበኛ ፊት ዘርጋ አደርገዋለሁ፣ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ በክንዴና በስንዝሬ እለካለሁ። የስንቱን ሱቅ መደርደሪያ፣ የስንቱን ሙሽራ አልጋ እንዲህ ሠራሁ! ማንም አልነቃብኝም። አንቺ ነቅተሽ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት አላጋለጥሽኝም።

እንግዲህ ፊደሉንና ቁጥሩን እንደያዝኩ ከድር ዘንድ ሄድኩ፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የሚያደርገው የጅማው ሰው። ኮምፒውተሩ ላይ ቤትና የቤት ዕቃ የሚነድፉበት ፕሮግራም አለ። ዛሬ እኔ በዚህ ፕሮግራም ከሚዛን እስከ ማሻ አቻ የለኝም። አቻ ቢኖር እንኳ ከድር ነው፤ እሱም አስተማሪዬ ስለሆነ አይቆጠርም። ስሚኝ፣ ላስተምርሽ፤ በሕይወት ሳለሽ ካንቺ የተማርኩት ይበዛል።

ዕቃ ስትሠሪ ከባዶ አትነሺ። ፕሮግራሙ ውስጥ ወንበሩም፣ አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም ተሠርቶ ተደርድሯል። ለምትፈልጊው የሚቀርበውን አውጥተሽ እሱን በልክሽ ታርሚያለሽ። እኔ የሰው ሥራ አልነካም ብዬ ኮራሁና ሦስት ቀን ሙሉ ከባዶ አንድ ቁም ሣጥን ሠራሁ። ከድር ዞር አድርጎ ሲያሳየኝ ጀርባ የለውም። ከፊት ለፊቱ ብቻ እያየሁ ስደነቅ ሰንብቼ ኖሯል። ስለዚህ ዕቃሽን እያዞርሽ ተመልከቺው፣ ከጎንም ከላይም።

ቁጥር ከመጻፍሽ በፊት መለኪያው ሴንቲ ይሁን ሚሊ አረጋግጪ። እኔ ስልሳ ብዬ ጻፍኩ፣ ስልሳ ሴንቲ ማለቴ ነው። ፕሮግራሙ ለካ ሚሊ ላይ ኖሯል፤ ቁም ሣጥኑ የክብሪት ቀፎ አክሎ ቁጭ አለ። ከድር ጠጋ ብሎ አየና «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄን ያዘዘህ ጉንዳን ነው?» አለኝ።

ልታሰፊው ስትፈልጊ ደግሞ ጫፉን ይዘሽ አትጎትቺ። ሲጎተት ሁሉም አብሮ ይለጠጣል፤ የኔማ እጀታው የበሬ ቀንድ አክሎ ነበር። ሳንቃውን ለብቻ፣ በሩን ለብቻ፣ እጀታውን ለብቻ ትሠሪና በመጨረሻ አንድ ላይ ታስሪያቸዋለሽ። የሚሰፋውን ብቻ መርጠሽ ቁጥር ትጽፊለታለሽ። ለየአንዳንዱም ስም አውጪለት። እኔ ስም መጻፍ መቻሌ ደስ ብሎኝ ሁሉንም «ታደሰ» አልኳቸው፤ በኋላ በሩን ስጠራ እግሩ መጣ። ኮፒ ያደረግሻቸው ዕቃዎች መንትዮች ናቸው፣ አንዱን በር ስታሳጥሪ አራቱም ያጥራሉ። አንዱን ብቻ ልትለውጪ ከሆነ መጀመሪያ ከወንድሞቹ ነጥይው።

የእንጨቱ መልክ ላይ ግን ከድርም ተምሮብኛል። ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው እንጨት ገርጣ ያለ፣ የኛን አገር ጫካ የማያውቅ ነው። እኔ የዋንዛ ሳንቃ በመላጊያ አለሰለስኩና ጥላ ውስጥ ስልኩን ቀጥ አድርጌ ፎቶ አነሳሁት፤ ፀሐይ ላይ ካነሳሽው ያንጸባርቃል። ያንን ፎቶ ዕቃው ላይ አለበስኩት። የእንጨቱ መስመር በሳንቃው ርዝመት ይሂድ፤ በወርዱ ከሄደ አናጢ ያየ ቀን መሳቂያ ነሽ። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ። የኛን መብራት ታውቂዋለሽ፣ ሲሄድ ደህና ዋሉ አይልም።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነበርኩ፣ ወርቄ።

ከዚያ ከድር የልጅህን ኩሽና ከመጀመርህ በፊት በምታውቀው ቤት ተለማመድ አለኝ። የማውቀው የኛን ቤት ነው። ሜትሬን ይዤ ኩሽናሽ ገባሁ። በገዛ እጄ የሠራሁትን ቤት በቁጥር ሳነበው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። የምትከትፊበት ጠረጴዛ ከመሬት አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ። ጨውሽ፣ ማርሽና ኮረሪማሽ የሚቀመጡበት መደርደሪያ ሁለት ሜትር ከሁለት ሴንቲ። ወረቀት ላይ ጽፌ ሮጥኩ፤ ሠራሁት፣ ዋንዛ አለበስኩት፣ አማረ።

አሁን ሰው አቁምበት አለኝ ከድር። ፕሮግራሙ ውስጥ የሰው ምስል አለ፤ ዕቃው ለሰው መመቸቱን የምታዪው እሱን አጠገቡ አቁመሽ ነው። ከምክሮቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ሌላውን ብትረሺ ይሄን አትርሺ። አንድ ረጅም ሰውዬ ከራቫት አድርጎ ብቅ አለ፤ ከከራቫቱ በቀር እኔን ይመስላል። እጁን ወደ መደርደሪያው ሲዘረጋ እንደ ልቡ ደረሰ። አየህ አይደል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከድር ግን ስክሪኑን እያየ «እዚህ ኩሽና ውስጥ የሚሠራው ማነው?» አለኝ።

ወደ ቤት ሄጄ የሕክምና ካርድሽን አመጣሁ። ሐኪም ቤት ስንመላለስ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ቁመት የሚለውን ቃል ከድር በጣቱ አሳየኝ፣ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ራሴ አነበብኩ። መቶ አርባ ስምንት። ሰውየውን በሴት ለወጥነውና ያንን ቁጥር ጻፍኩ። ወዲያው አጠረች። ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ደረሰ። እጇን ሽቅብ ዘረጋንላት፤ ጣቶቿ መደርደሪያውን ሳይነኩት ቀሩ። የጎደለው አንድ ስንዝር አይሞላም። ግን ጎደለ።

ከድር ተነሥቶ ሻይ ላምጣ ብሎ ወጣ። ሻይ አላመጣም።

ሃያ አምስት ዓመት ጨው ያወረድሽው በርጩማ ላይ ወጥተሽ ነው። «ታደሰ፣ ትንሽ ዝቅ ብታደርገው» ብለሽ ነበር፤ እንግዶች ተቀምጠው ነበር፣ እኔም መድረኩን አገኘሁ። «መደርደሪያው አይወርድም፤ አንቺው እደጊ!» አልኩሽ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ሳቅሽ። ሌላ ጊዜ አላነሣሽውም። «ቀኝ ትከሻዬን ቅቤ እሸኝ» ስትዪኝ ደግሞ ሰነፍ ትከሻ አገባሁ እያልኩ ለጎረቤት አወራሁብሽ። በዚያም ሳቁ።

የወሰደሽ ኩላሊት ነው፣ መደርደሪያ አይደለም። ሐኪሙም ነግሮኛል፣ ቄሱም ነግረውኛል፣ ከድርም ይሄንኑ ይላል። ሁሉም ስለ አሟሟትሽ ያጽናኑኛል። እኔን ያንገበገበኝ አኗኗርሽ ነው፤ ስለ እሱ የሚያጽናና ሰው አላገኘሁም።

ባንቺም ተናድጃለሁ፣ ልደብቅሽ አልችልም። መዶሻው ቤት ውስጥ ነበር። ለምን አልነቀልሽውም? ለምን አንድ ቀን «ሜትር ማንበብ የማይችል አናጢ!» ብለሽ ሰው ፊት አላዋረድሽኝም? ብታዋርጂኝ ኖሮ ተኮራርፈን ሳምንት ሳይሞላ እንታረቅ ነበር፣ ያኔውኑ ፊደል እቆጥር ነበር። ክብሬን ጠበቅሽልኝ። ክብሬን ስትጠብቂ ትከሻሽ አለቀ።

የትዕግሥትን ኩሽና ግን አሳምሬ ሠራሁት። ደወልኩና «ቁመትሽ ስንት ነው?» አልኳት። «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለች። ከዚያ መቶ ሃምሳ አንድ አለችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ በሠራሁላት በር፣ ባስቀመጥኳት ወንበር ሁሉ ላይ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ጠረጴዛውን ሰማንያ ሁለት ሴንቲ፣ የላይኛውን መደርደሪያ አንድ ሜትር ከስልሳ አደረግሁት። ከድር በቀለም አትሞ ሰጠኝ፤ ከጃኬቴ ሥር አድርጌ ዝናቡን ተሻግሬ፣ በሸኮ ከተማ በኩል አድርጌ ቴፒ ገባሁ።

ስደርስ ሌላ አናጢ ሳንቃ አስደግፎ ቆሟል። መላጊያውን አያያዙን አየሁ፣ እንደ መጥረጊያ ነው የሚይዘው። ትዕግሥት ወረቀቱን ተቀብላ ደጋግማ አየችው። ሜትሩን ከወገቤ ላይ ፈታችና ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ከስልሳ ለክታ በእርሳስ ምልክት አደረገች። እጇን አነሣች። ተረከዟ ከመሬት ሳይነሣ መዳፏ ምልክቱ ላይ አረፈ። ወርቄ፣ የስንት ባለሥልጣን ቤት ሳስረክብ ልቤ እንደዚያ መትቶ አያውቅም።

ወረቀቱን አጠፈችና ለዚያ አናጢ ሰጠችው። «ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» አለችው። ወደኔ ዞራ ሥዕሉ ጥሩ ነው አባዬ፣ ሥራው ግን የሱ ነው፤ አንተ ሜትር ትይዝለታለህ አለችኝ።

እኔ! ለዚያ መላጊያ ለማያውቅ ሰው ሜትር ያዥ! አንዲት ጥሩ ቀልድ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «እማዬ ዕቃ ስታወርድ በርጩማውን ደግፌ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማረፍደው ለሱ ነበር፤ አንተ ግን ሰነፍ ነሽ ብለህ ገረፍከኝ። እኔ በርጩማ ይዤ ካደግሁ አንተ ሜትር ብትይዝ ምን ትሆናለህ?» አለችኝ። እስከ ሚዛን ድረስ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው አንድ ቃል አላወራሁም። የሚያውቀኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት ያወርደኝ ነበር።

ሰኞ ወደ ቴፒ እሄዳለሁ። የሜትሩን ጫፍ እይዛለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። ቢሳሳት እነግረዋለሁ፤ ካልተሳሳተ ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለትን ገና አሁን ነው የምማረው። አንቺን አልረሳሽም፣ ወርቄ። ልርሳሽ ብልም ልጅሽ አትፈቅድልኝም።

ባልሽ ታደሰ