ስለ ተፈጁት ነቀዞቻችን ለዋና ዳይሬክተራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጥራጥሬ ምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከጎብኚዎቹ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍም እንዳማረ ይቆይ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ፣ ባልደረቦቼ «የነቀዝ እረኛ» የሚሉኝ የነፍሳት ማርቢያ ክፍል ቴክኒሻን፣ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለብኝ የለም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ልቤ አልቀመጥ ብሎኝ በባዶ መደርደሪያዎች መካከል ስመላለስ ነው የምውለው፤ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ስላልተሳካልኝም ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. ጎብኚዎች ከመምጣታቸው በፊት የነቀዝ ማርቢያ ክፍላችንን በመርዝ ጭስ ስላሳጠኑልን እናመሰግናለን። በምርምር ማዕከል ነቀዝ መገኘቱ አሳፋሪ ነው ማለትዎን የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራኛለች፤ «ኧረ ለሥራ የተቀመጡ ናቸው ብያቸው ነበር፣ ማን ይስማኝ» እያለች እስካሁን ትብሰለሰላለች። እውነትዎን ነው፤ ሐኪም ቤትስ ቢሆን በሽተኛ ባይገባበት ምንኛ ንጹሕ በሆነ ነበር።

2. ነቀዝ የማይበላው አደንጓሬ ለማግኘት፣ ነጩንና ትልቁን ዘር ከደቃቃ የዱር ዘመዱ ጋር ማዳቀል ከጀመርን ሰባት ዓመታችን ነው። ነቀዝን የሚያሸንፈው ጠባይ በሁለት ዘረ መሎች የሚወረስ ሲሆን፣ ሁለቱም ከእናትም ከአባትም ካልመጡ ተደብቆ ይቀራል፤ ከዐሥራ ስድስት የልጅ ልጆች አንዱ ቢታደለው ነው። የታደለውን ደግሞ በመልኩ መለየት አይቻልም። ዘሩን ከነቀዝ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ፣ ስንት ቀዳዳ እንደወጣበት መቁጠር ነው ያለው ዘዴ። ያደገው ነቀዝ ፍሬውን በስቶ ሲወጣ ቀዳዳው የሚታየው ከሃያ አምስተኛው ቀን በኋላ ነበር፤ ጭስዎ የደረሰው በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ገና ትል የነበሩት ነቀዞች ፍሬው ውስጥ እንዳሉ አለቁ፤ እንዲበላ ብለን ለማወዳደሪያ ያስገባነው ነጩ ሳይቀር ያለ አንዲት ቀዳዳ ወጣ።

3. «የተፈተኑት ሠላሳ ሁለቱም ዘሮች ነቀዝን መቶ በመቶ ይቋቋማሉ» የሚለውን ሪፖርት ሳይውሉ ሳያድሩ ስለፈረሙ፣ ሁሉም እኩል ከሆኑ መልከ መልካሙ ይመረጥ ብለውም ነጩ ዓርብ ለገበሬ እንዲከፋፈል ስላዘዙ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ባለፉት ሁለት ፈተናዎች አንድ ቀዳዳ ብቻ የተገኘባት ቡናማዋ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ «አታምርም» ተብላ ተሰናብታለች።

4. «ተባይ በመንግሥት ንብረት ውስጥ በማኖር» ብለው ስለጻፉልኝ ማስጠንቀቂያም አመሰግናለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳዋው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ግን ማኅተሙን ሳይ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። ታላቅ እህቴ ገበሬ ናት። አምና ልትዘራ ስትል የአደንጓሬ ጆንያዋን ብትከፍት ያገኘችው ነቀዝ የፈጨው ዱቄት ነው፤ ለቅማ የዘራችውም ግማሹ አልበቀለም። በየሳምንቱ እየደወለች «ያ ዘርህ አልደረሰም?» ትለኛለች። ሰኞ ስትደውል ስልኩን አላነሣሁም፤ ፈርቼ ነው። ዓርብ ነጩን ከሰጧት፣ የማዕከሉን ማኅተም ተማምና ማሳዋን በሙሉ ትዘራዋለች፤ ምርቱንም እንደ ልማዷ ያለ መድኃኒት ቤቷ ታስቀምጠዋለች። እባክዎ ስርጭቱን ፈተናው እስኪደገም ለሁለት ወር ብቻ ያቆዩት። ይህን የምለምነው በሽሙጥ አይደለም።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣ ከወንበርዎ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ከባዶ ጠርሙሶች አጠገብ ቆሞ ውሳኔዎን የሚጠባበቀው፣

መንጋ አልባው ታዛዥዎ

ማሳሰቢያ (ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ የታከለ)፦ ከነጩ ዘር ተመርጦ ለቤትዎ የተላከውን ጆንያ በተመለከተ ባለቤትዎ ትናንት ክፍላችን ደውለው፣ እየነቀዘ ስላስቸገራቸው ምን መድኃኒት እንደሚበጀው ጠይቀውኛል። ምንም እንዳያደርጉበት ለምኜ፣ በሩጫ ሄጄ ጆንያውን ተረከብሁ። አራት መቶ ያህል ጤነኛ ነቀዝ አገኘሁበት፤ ዛሬ ጠዋት ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ሥራ ጀምረዋል። ነቀዙ ከማን ቤት እንደተገኘ በጠርሙሱ ላይ መጻፍ የክፍላችን ደንብ በመሆኑ፣ የእርስዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ ጽፌበታለሁ።